ለሙዚቃ ተብሎ የተከፈተ በር፦ ድሪምካስትና በቤት የተቀዱ ሲዲዎች

በብዙዎቻችን ምድር ቤት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ የለበሰ የልጆች የጌም ማሽን አይጠፋም። ልጆቹ አድገው፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ አንዳንዶቹም አግብተው ወልደው፣ ማሽኑ ግን ከነሽቦው ካርቶን ውስጥ ቀርቷል። ለመጣል ያሳሳል፤ ለማስቀመጥ ቦታ ይይዛል። (በስንት ሰዓት ተጨማሪ ሥራ እንደተገዛ የሚያውቀው የገዛው ሰው ብቻ ነው።) ለመሆኑ እንዲህ ያለው አሮጌ ማሽን፣ ኩባንያው ያልሠራውን፣ አንድ ሰው በገዛ ኮምፒዩተሩ ጽፎ በተራ ሲዲ የቀዳውን ፕሮግራም ሊያጫውት ይችላልን? መልሱ እንደ ማሽኑ ይለያያል። አንዳንዱ ያለ ማንገራገር ይቀበላል፤ አንዳንዱ ሆዱ ተከፍቶ ሽቦ ካልተበየደበት በጀ አይልም። ከሁሉም ይልቅ ግን የሴጋው ድሪምካስት ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው፤ የዚህ ማሽን በር ከውስጥ ተከፍቶ የተገኘው በራሱ በባለቤቱ እጅ ነውና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ፈረንጆቹ «ሆምብሩ» ይሉታል። ቃሉ የተወሰደው ከመጠጥ ነው፤ ቤት የተጠመቀ እንደ ማለት ነው። እኛ የጠላ አገር ልጆች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። ጠላ የምትጠምቅ ሴት የቢራ ፋብሪካውን ፈቃድ አትጠይቅም፤ የፋብሪካውን ቢራ ሰርቃ በጋን እየቀዳችም አትሸጥም። ይህ ልዩነት ከመጀመሪያው ይያዝልን፤ ወደፊት እንደምናየው ጠማቂውና ሌባው የገቡት በአንድ በር ነውና።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሲዲን መጀመሪያ ከጌም ማሽን ጋር ያገናኘው የጃፓኑ ኤንኢሲ ነው፤ ፒሲ ኤንጅን ለተባለው ማሽኑ በ1988 መጨረሻ ላይ የሲዲ ማጫወቻ አወጣለት። ሴጋም በ1991 ሜጋ ሲዲን በጃፓን፣ በ1992 ደግሞ ያንኑ ሴጋ ሲዲ ብሎ በአሜሪካ አስከተለ። እነዚህ ማሽኖች ቅጂን የሚከለክል ቁልፍ አልነበራቸውም። ሴጋ ሲዲ ዲስኩ የየትኛው አገር ገበያ መሆኑን ይጠይቃል እንጂ ፋብሪካ የታተመ ይሁን ቤት የተቀዳ አይለይም። ኩባንያዎቹ የዋሆች ስለነበሩ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሲዲ መቅጃ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ የድርጅት ዕቃ ነበር፤ አንድ ሲዲ የሚይዘው 650 ሜጋባይትም ከአብዛኛው ሰው ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ይበልጥ ነበር። ማን ይቀዳዋል? ዋጋው ራሱ ዘበኛ ነበር።

ዘበኛው ግን ብዙ አልቆየም። በ1995 ከ1000 ዶላር በታች የሚሸጥ መቅጃ ገበያ ላይ ዋለ፤ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተገጥሞ የሚመጣ ተራ ዕቃ ሆነ። የኛም ሰው ዕቃውን ያወቀው በዚሁ ጊዜ ነው፤ «በርን አድርግልኝ» የሚለው አነጋገር በየቤቱ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ሶኒ ይህ እንደሚመጣ ቀድሞ ሳይገምት አልቀረም። ፕሌይስቴሽን በዲሴምበር 1994 በጃፓን፣ በሴፕቴምበር 1995 በአሜሪካ ሲወጣ ዲስኩ ላይ ብልሃት ተሠርቶበት ነበር። ፋብሪካ የሚታተመው ዲስክ ከመካከሉ፣ መረጃው ከመጀመሩ በፊት ባለው ሥፍራ፣ የጨረሩ መሥመር ቀጥ ብሎ ሳይሆን በልዩ አኳኋን እየተወላገደ ይሄዳል። በዚያ መወላገድ ውስጥ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተደብቀዋል፦ ለጃፓን ኤስ-ሲ-ኢ-አይ፣ ለአሜሪካ ኤስ-ሲ-ኢ-ኤ፣ ለአውሮፓ ኤስ-ሲ-ኢ-ኢ። ማሽኑ ሲነሣ እነዚህን ፊደላት ይፈልጋል፤ ካጣ አያጫውትም። የቤት መቅጃ መረጃውን እንጂ መወላገዱን መቅዳት አይችልም፤ ባዶው ሲዲ የራሱ መሥመር አስቀድሞ ተቀርጾበት ስለሚመጣ ነው። ጨዋታው አንድ ፊደል ሳይጎድል ቢገለበጥም የይለፍ ቃሉ የለምና ማሽኑ እምቢ ይላል።

ይህ ቁልፍ ሁለት ሥራ እንደሚሠራ አንባቢ ልብ ይበል። አንደኛው ቅጂን ይከለክላል፤ ሁለተኛው አገርን ከአገር ይለያል። ከአሜሪካ የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ወደ አዲስ አበባ የላከ ሁሉ ይህን ችግር በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ የኢትዮጵያው ፓል ነውና ዘመድ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው መሥመር ብቻ ነበር። ያ ግን የአሠራር ልዩነት ያመጣው ጣጣ ነው። የፕሌይስቴሽኑ አጥር ሆን ተብሎ የታጠረ ነው። ለንደን ያለ አጎት የገዛው ዲስክ ዋሽንግተን ያለ የወንድሙ ልጅ ቤት አይሠራም፤ ያውም በሕጋዊ መንገድ፣ በሙሉ ዋጋ ተገዝቶ!

መልሱም ሳይዘገይ መጣ። «ሞድ ቺፕ» የሚባል ከጥፍር የማይበልጥ ዕቃ ማሽኑ ውስጥ ይበየድና ያንኑ የይለፍ ቃል ሳያቋርጥ ለማሽኑ ይነግረዋል። ያን ጊዜ የውጭ አገሩም፣ የተሰረቀውም፣ ቤት የተጠመቀውም እኩል ያልፋል። ሶኒ ራሱ ለጠማቂዎች ያሰበላቸው መንገድም ነበር፤ ኔት ያሮዜ የተባለ ጥቁር ፕሌይስቴሽን በ1997 አካባቢ 750 ዶላር ገደማ አስከፍሎ ሸጠላቸው። ፕሮግራሙ ከኮምፒዩተር በሽቦ ይገባል እንጂ ሲዲ ቀድቶ ለጓደኛ ማደል ግን በዚያ አልነበረም። ከዚያ የወጡት ትናንሽ ጨዋታዎች በአውሮፓ ከመጽሔት ጋር በሚታደሉ ዲስኮች ላይ ታትመዋል። መልካም ጅምር ነበር፤ ሆኖም ፈቃዱም ልኩም በኩባንያው እጅ ነው። የሴጋው ሳተርን ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነበር፤ የይለፍ ምልክቱ በዲስኩ የውጭ ጠርዝ ላይ በተጻፈ ቀለበት ውስጥ ነው። የሲዲውን ክፍል የሚያዝዘው ቺፕ ምሥጢሩ በአደባባይ ሲገለጥ ዓመቱ 2016 ሆኖ ነበር፤ ማሽኑ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ማለት ነው።

የአራት ሰከንድ ዝምታ

እንግዲህ ድሪምካስት የመጣው ሴጋ በሳተርን ክፉኛ ከከሰረ በኋላ ነው። በጃፓን የወጣው ኖቬምበር 27 ቀን 1998፣ በአሜሪካ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 ነው፤ ዋጋው 199 ዶላር። በአሜሪካ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብቻ ከ225 ሺህ በላይ ማሽን ተሸጦ ከነጨዋታው ወደ 98 ሚሊዮን ዶላር ገብቷል። ለጊዜው እጅግ የተራቀቀ ማሽን ነበር፤ የሂታቺ ፕሮሰሰር በ200 ሜጋኸርዝ፣ 16 ሜጋባይት ዋና ማኅደረ ትውስታ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባ ሞደም አብሮት ይመጣል። በዚያ ዘመን ስልክ በተያዘ ቁጥር ከልጆቹ ጋር የተጣላ ወላጅ ያስታውሰዋል።

የቅጂውን ነገርም ሴጋ በቸልታ አላለፈውም። ከያማሃ ጋር ሆኖ ጂዲ-ሮም የሚባል አዲስ ዲስክ አሠራ። መልኩ ሲዲ ይምሰል እንጂ የሚይዘው 1 ጊጋባይት ያህል ነው። ከውስጥ በኩል ያለው ቀጭን ክፍል ተራ ሲዲ ነው፤ ሙዚቃ ማጫወቻ ውስጥ ቢገባ ይህ የጨዋታ ዲስክ ነው፣ በሙዚቃ ማጫወቻ አይሠራም የሚል የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል። ዋናው መረጃ ከዚያ ውጭ ባለው፣ ጥቅጥቅ ብሎ በተጻፈው ክፍል ነው። ይህን ክፍል የቤት ኮምፒዩተር አያነብበውም፤ ባዶ ጂዲ-ሮምም በየሱቁ አይሸጥም። ስለዚህ ከባድ የብረት በር ነበር ማለት ይቻላል፤ ማንም ፊት ለፊት ገፍቶ አልገባበትም።

የገቡት በጓሮ ነው። ሴጋ ሚል-ሲዲ የሚባል ሐሳብ ነበረው። ሙዚቃ ያለበት ተራ ሲዲ ሆኖ፣ ድሪምካስት ውስጥ ሲገባ ግን ሥዕልና ምርጫ የሚያሳይ ፕሮግራም እንዲነሣ የታሰበ ነው። ዘፋኙ ዘፈኑን ያወጣል፣ ገዢው በሴጋ ማሽን ያየዋል፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ገበያው ግን አልወደደውም። በጃፓን በጣት የሚቆጠሩ ሚል-ሲዲዎች ወጥተው ነገሩ በዚያው ተረሳ። ማሽኑ ውስጥ የቀረው መመሪያ ግን አልተረሳም፦ በሁለት ዙር የተጻፈ ተራ ሲዲ ካገኘህ፣ በመጀመሪያው ዙር ሙዚቃ፣ በሁለተኛው ዙር መረጃ ካለ፣ ከሁለተኛው ዙር ተነሣ የሚል። በሁለት ዙር መጻፍ ደግሞ ማንኛውም የቤት መቅጃ የሚችለው ነገር ነው።

ሴጋ ይህችን የጓሮ በር ጨርሶ ባዶ አልተዋትም። ከሚል-ሲዲ የሚነሣው ዋና ፕሮግራም እንደ ካርታ ተበውዞ ይጻፋል፤ ማሽኑ ሲያነብበው በሚያውቀው ቅደም ተከተል መልሶ ይደረድረዋል። ከጂዲ-ሮም እንዳለ የተገለበጠ ፕሮግራም ስላልተበወዘ፣ ማሽኑ «ልደርድርህ» ሲለው ይበልጥ ይዘበራረቅና ይሞታል። መቆለፊያው ይኸው ብቻ ነበር፤ የተሠራው ሰው አያውቀውም በሚል ተስፋ ነው። አበዋወዙም ታወቀ። በጁን 2000 ዩቶፒያ ነን የሚሉ ሰዎች የማስነሻ ሲዲ አወጡ። ሲዲውን ታስገባለህ፣ ይነሣል፣ አውጣውና የተቀዳውን ጨዋታ አስገባ ይላል። ብየዳ የለም፣ ቺፕ የለም፣ ማሽኑን መክፈት የለም። ብዙም ሳይቆይ የማስነሻ ሲዲው ራሱ ቀረና ጨዋታዎቹ በቀጥታ የሚነሡ ሆኑ።

አሠራሩን ለማየት ለሚጓጓ አንባቢ አንዲት ነገር እንጨምር። አንድ ሰው የራሱን ፕሮግራም በዚህ መንገድ ሲቀዳ መጀመሪያ «ሙዚቃ» መቅዳት አለበት፤ ማሽኑ ሙዚቃ ካላየ ሚል-ሲዲ ነው ብሎ አያምንም። ጠማቂዎቹ የሚቀዱት ግን ዘፈን አይደለም፤ ባዶ ድምፅ ነው። ሲዲ በሴኮንድ 75 ሴክተር ያነብባል፤ እነሱ 300 ያህል ሴክተር ዝምታ ይቀዳሉ፤ አራት ሰከንድ መሆኑ ነው። ከዚያ በሁለቱ ዙሮች መካከል ግድ የሚተወው ባዶ ሥፍራ ይታከልና ሁለተኛው ዙር በ11702ኛው ሴክተር ላይ ይጀምራል። ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ እንደ ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚጠራ ሰው አለ። ይህ ሁሉ የምሕንድስና ድካም፣ ይህ ሁሉ የያማሃ ዲስክ፣ በአራት ሰከንድ ዝምታ ታለፈ።

ሌቦቹም ጠማቂዎቹም አንድ ላይ ገቡ። ሌቦቹ ጂዲ-ሮሙን ኮምፒዩተር ስለማያነብበው ድሪምካስቱን ራሱን አንባቢ አደረጉት፤ ከጀርባው ባለው ቀዳዳ ሽቦ ሰክተው መረጃውን ቀስ በቀስ አወጡት። አንድ ጊጋባይት በ700 ሜጋባይት ሲዲ ስለማይገባ ፊልሙንና ሙዚቃውን እያሳነሱ አጠበቡት። ሼንሙ የተባለው የሴጋ ጨዋታ፣ ሠሪው ዩ ሱዙኪ ኋላ እንደ ተናገሩት፣ 47 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ነው፤ በአንድ ዶላር ባዶ ሲዲ ተቀድቶ ሲታደል የሠሪዎቹን ስሜት መገመት አያዳግትም።

ይህን ስንጽፍ ደግሞ የራሳችንን ጓዳ አለመጥቀስ አድሎ ይሆናል። በዚያው በርካሽ መቅጃ፣ በዚያው ዘመን፣ የኛ ዘፋኞች ሥራ በየሱቁ እየተቀዳ ሲሸጥ ነበር። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በ2004 (በእኛ በ1996 ዓ.ም.) ነው። ዘፋኙ ስቱዲዮ ከፍሎ፣ ለሙዚቀኛ ከፍሎ ያወጣው ካሴት በሳምንቱ ቅጂው ቀድሞት ገበያ ሲገባ ያየ ሰው የሴጋን ነገር በሩቁ አያየውም።

ድሪምካስትን ማን ገደለው?

በጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ሴጋ ድሪምካስትን መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። የተሸጠው በጠቅላላ 9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ሴጋ ለትናንት ጠላቶቹ ጨዋታ የሚጽፍ ድርጅት ሆነ። ወሬውም ወዲያው ወጣ፦ ድሪምካስትን የገደሉት የተቀዱ ሲዲዎች ናቸው ተባለ። እስከ ዛሬም እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህ ጸሐፊ አይስማማም፤ ምክንያቱም የቀን ቆጠራው አይገጥምም። ሴጋ በማርች 2000 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ከ40 ቢሊዮን የን በላይ ከስሯል፤ ያም ሦስተኛው ተከታታይ የኪሳራ ዓመቱ ነበር። የዩቶፒያ ሲዲ የወጣው ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ነው። በዚያው ማርች ወር ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን በጃፓን አወጣ፤ በኦክቶበር በ299 ዶላር ወደ አሜሪካ አመጣው። ዲቪዲ ፊልም ስለሚያጫውት አባወራው ለልጁ ሲገዛ ለራሱም ገዛ። ሴጋ ዋጋውን ወደ 149፣ ቀጥሎም ወደ 99 ዶላር አወረደ፤ በየማሽኑ ላይ የሚከስረው ጨመረ እንጂ አልተረፈም። በአሜሪካ የስፖርት ጨዋታ ንጉሥ የሆነው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለድሪምካስት አንድም ጨዋታ አልሠራም። የኩባንያው ሊቀመንበር አቶ ኢሳኦ ኦካዋ በ1999 ከገዛ ኪሳቸው 500 ሚሊዮን ዶላር አበድረውት ነበር። በማርች 2001 ሲያርፉ ዕዳውን ምረው፣ 695 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት አክሲዮናቸውንም ለኩባንያው ሰጥተው ነው። ሴጋን ከመፍረስ ያዳነው የሞተ ሰው ስጦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላም ማስረጃ አለ። በብዛት ከተዘረፉት ማሽኖች አንዱ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ነበር፤ ሞድ ቺፕ በየገበያው ይበየድ ነበር። ያ ማሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ቅጂ ብቻውን ማሽን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ሶኒ ከሴጋ በፊት በተቀበረ ነበር። ሆኖም ቅጂው አልጎዳም ለማለት አይደለም። ማሽኑ በኪሳራ የሚሸጠው ከጨዋታው ለማትረፍ ነው፤ ጨዋታው በነፃ ሲታደል የታመመው ሰው ጉሉኮስ ተነቀለበት ማለት ነው። በሽታው ግን ሌላ ነበር።

ከሞት በኋላ

ድንቁ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኩባንያው ማሽኑን ሲተው ጠማቂዎቹ አልተዉትም። ካሊስቲ-ኦኤስ የሚባል፣ ከሴጋ አንድም መሥመር ያልወሰደ፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል የፕሮግራም መሠረት ተጻፈ፤ እስከ ዛሬም ይታደሳል። ሲዲው ሲነሣ የሚነበበውን የመጀመሪያውን ቁራጭ እንኳ የሴጋን ሳይወስዱ ከባዶ ጻፉት። ሊነክስ ድሪምካስት ላይ ተነሣ። የድሮ ማሽኖችን መስለው የሚሠሩ «ኢሙሌተር» የሚባሉ ፕሮግራሞች መጡ። ብሊም የተባለ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ በ2001 በዚያችው የሚል-ሲዲ በር ገብቶ፣ የፕሌይስቴሽን ጨዋታን በድሪምካስት የሚያጫውት ሲዲ በሱቅ ሸጠ፤ ከሦስት ጨዋታ ግን አላለፈም። ሶኒ ከሶት ነበር። በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤት በዋናው ነጥብ ለብሊም ቢፈርድም፣ የጠበቃ ወጪው ድርጅቱን በ2001 መጨረሻ ላይ አዘጋው። ፍርድ ቤት አሸንፎ መክሰር እንዲህ ነው።

በ2003 ፊት ኦቭ ፊዩሪ የሚባል፣ ያለ ሴጋ ፈቃድ የተሠራ ጨዋታ በሲዲ ታትሞ ተሸጠ። የጃፓን ድርጅቶች በሕጋዊ መንገድ ያወጧቸው የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች 2007 ድረስ ዘለቁ፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ የጠማቂዎቹ ሆነ። ዱራኒክ የተባለ የጀርመን ቡድን ስቱርምዊንድን በ2013 አወጣ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ግራንድ ቴፍት ኦቶ 3፣ በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጥቶ ዓለምን ያነጋገረው ጨዋታ፣ በበጎ ፈቃደኞች ሥራ በድሪምካስት ላይ ሲሄድ ታየ። የዚህኛው ሕጋዊነት ጠበቃ ሊያከራክር ይችላል፤ ምሕንድስናው ግን አያከራክርም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የራሳችን ነገር። ድሪምካስት አሜሪካ በገባበት በዚያው ሴፕቴምበር 1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ፣ በ3.0ኛው እትም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ድሪምካስት ከፋብሪካ ሲወጣ ውስጡ የተጻፈው የላቲንና የጃፓን ፊደል ነው፤ የኛ የለም። በሴጋ ደንብ ቢሆን ኖሮ አማርኛ የሚያሳይ ፕሮግራም ለማውጣት ውል መፈራረምና ፈቃድ ማግኘት ያሻል፤ ያንን ለሕፃናት ፊደል ማስተማሪያ ማን ይከፍላል? በቤት ጠመቃ መንገድ ግን ሒሳቡ ቀላል ነው። በዚያ እትም የገቡት የግዕዝ ምልክቶች 345 ናቸው። ማሽኑ ለጃፓን ፊደል በሚጠቀምበት ልክ፣ በ24 በ24 ነጥብ ቢሣሉ፣ እያንዳንዱ 72 ባይት፣ በጠቅላላው 25 ሺህ ባይት አይሞላም። ከ16 ሚሊዮን ባይት ውስጥ ይህ ከጤፍ ያንሳል። ኮምፒዩተር የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

የሕጉን ነገር በአጭሩ እንለፈው፤ ይህ ጸሐፊ ጠበቃ አይደለምና። ማሽኑን ገዝቻለሁ፣ ታዲያ የማን ነው የሚለው ክርክር ሴጋ ራሱ ያስጀመረው ነው። አኮሌድ የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅት የሴጋን ጄኔሲስ ፈትቶ፣ አሠራሩን አጥንቶ፣ ያለ ፈቃድ ጨዋታ ሠራለት። ሴጋ ደግሞ አዲሱ ጄኔሲስ ካርትሪጁ ውስጥ ኤስ-ኢ-ጂ-ኤ የሚሉ አራት ፊደላት ካላገኘ እንዳይነሣ፣ ካገኘም «በሴጋ ፈቃድ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ እንዲያወጣ አድርጎ ነበር። ፊደላቱን ያስገባ ስሜን ሰረቀ ብሎ ለመክሰስ ነው። በ1992 የሳን ፍራንሲስኮው የይግባኝ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም፦ ማሽኑን መፍታትና ማጥናት ይፈቀዳል፣ ፊደላቱም ቁልፍ ሆነው እስካገለገሉ ድረስ የንግድ ምልክት ክስ አያስነሡም አለ። በኦክቶበር 1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ግን ነፋሱን አዞረው፤ ቅጂ መከላከያን መስበር በራሱ ጥፋት ሆነ። በ2012 የጌም ማሽን ቁልፍ ለቤት ጠመቃ እንዲፈታ ፈቃድ ተጠይቆ ውድቅ ሆኗል። በአውስትራሊያ በተቃራኒው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2005 ሞድ ቺፕ ለሚሸጥ ሰው ከሶኒ ጋር በነበረው ክርክር ፈረደለት። አንዱ አገር የሚያስከስስ ሌላው አገር አያስከስስም፤ ስለዚህ ሁሉም የሚኖርበትን አገር ሕግ ይጠይቅ።

ለማንኛውም ካርቶን ውስጥ ያለው ማሽን ድሪምካስት ከሆነ ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ወረቀት ይመልከቱ። በክብ ውስጥ 0 ወይም 1 የሚል ቁጥር ካለበት የጓሮው በር ክፍት ነው፤ 2 ከሆነ እንደ ዕድል ነው፤ ሴጋ ከ2000 መጨረሻ ወዲህ ከሠራቸው አንዳንዶቹ ላይ በሩን ዘግቶታልና። ማሽኑ ፕሌይስቴሽን 2 ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ። ሶኒ ለፊልም ማጫወቻ ብሎ የጻፈው ፕሮግራም ስሕተት ተገኝቶበት፣ በጁን 2020፣ ማሽኑ በወጣ በ20 ዓመቱ፣ በቤት በተቀዳ ዲቪዲ የሚነሣበት መንገድ ይፋ ሆኗል። ያኛው ለሙዚቃ፣ ይኸኛው ለፊልም!

ሲዲ ሲቀዱ በዝግታ ይቅዱ፤ የአሮጌ ማሽን ሌዘር ደክሟል፣ የተቀዳ ሲዲም ከታተመው ይልቅ ይከብደዋል። ሌዘሩ ጨርሶ የሞተባቸው ብዙ ሰዎች አሁን የዲስክ ማጫወቻውን ነቅለው በምትኩ የካሜራ ካርድ የሚነበብበት ሰሌዳ ያስገባሉ። ማሽኑን ሲያበሩት ደግሞ አይደንግጡ። ሰዓቱን የሚይዘው ትንሽ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና፣ ካበሩት ጊዜ ጀምሮ ዓመቱን 1998 አድርጎ ቀንና ሰዓት ይጠይቅዎታል።